እንሽላሊት የሰፈረችበት የራስ ቁር

ተረት ላወራ ነው፤ ጆሯችሁን ወዲህ አምጡ። «አምጥተናል» በሉ። ባለፈው «ፈረስ እንዴት ይናገራል?» ብሎ ያቋረጠኝ ሰውዬ ዛሬም እዚሁ ተቀምጧል፤ አይቼዋለሁ። ወንድሜ፣ በዚያ ዘመን ፈረስ ይናገር ነበር፣ ግንድ ይናገር ነበር፣ ቆመጥም ይናገር ነበር። ዝም የሚሉት ንጉሥ ፊት የቆሙ ሰዎች ብቻ ነበሩ። አሁን ልቀጥል?

እንግዲህ ከባሕር ማዶ፣ በህንድ አገር፣ ተራሮቹ ገና ቁመታቸውን ሳይጨርሱ፣ ሩድራባሁ የሚባል ጦረኛ ነበር። ስሙን ለመጥራት ትንፋሽ መሰብሰብ ያስፈልጋል። ክንዱ የዋርካ ግንድ ያክላል። እሱ ሲበላ ወጥ ቤቶች እየተፈራረቁ ያርፋሉ። እሱ ሲያንኮራፋ በጋንጅስ ወንዝ ዳር ያሉ ዓሣ አጥማጆች ነጎድጓድ መጣ ብለው መረባቸውን ይሰበስባሉ። በየማለዳውም አዝማሪው ከደጁ ቆሞ እንዲህ እያለ ይዘፍንለታል፦

«ሩድራባሁ ከጠብ ወደ ኋላ አይልም፣
ከሩድራባሁ አፍ ውሸት አይወጣም፣
ሩድራባሁ የተማጸነውን አሳልፎ አይሰጥም!»

ያምራል አይደል? ከሩቅ ያምራል። ጎረቤቶቹን ጠይቋቸው እስቲ። ከጠብ ወደ ኋላ ስለማይል፣ በጠባብ መንገድ ላይ ከአንድ ኮርማ ጋር ከተገናኘ ኮርማው እስኪሰለቸው ድረስ ገበያተኛው ሁሉ ቆሞ ይውላል። ውሸት ከአፉ ስለማይወጣ ሰርግ የሚጠራው የለም፤ አንድ ጊዜ የሙሽራዋን እናት በእንግዳ ፊት «ሩዙ ጥሬ ነው» ብሏታል። ጥሬ ነበር፤ ግን እንዲህ ይባላል?

ሦስተኛው ከሁሉም ይብሳል። አንድ ቀን አንዲት እንሽላሊት ቁራ ሲያባርራት እግሩ ሥር ወደቀችና «ተማጽኛለሁ!» አለችው። ብድግ አድርጎ የብረት የራስ ቁሩ ውስጥ አስቀመጣት። እመት እንሽላሊት ቤቱን ወደደችው። ቁራው ተስፋ ቆርጦ ሄደ፤ እሷ ግን አልሄደችም፤ ይባስ ብላ እንቁላል ጣለችበት። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታላቁ ጦረኛ ባዶ ራሱን መዞር ጀመረ። የራስ ቁሩን እንደ እንስራ በብብቱ ታቅፎ፣ የህንድ ፀሐይ አናቱን እየቀቀለችው።

የብረት ቆመጡ ይህን ባየ ቁጥር አንጀቱ ያርር ነበር።

«ጌታዬ፣ የራስ ቁር እኮ ለራስ ነው።»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ አስወጣት እንጂ!»

«ተማጽናኛለች» ይላል ሩድራባሁ። ነገሩም በዚሁ ያልቃል።

የአገሩ ንጉሥ ኩሙድ ይባል ነበር። ንጉሥ መሆን አልበቃው አለና ንጉሠ ነገሥት ካልተባልኩ ብሎ ምግብ አስጠላው። በዚያ አገር ደግሞ ንጉሠ ነገሥት የሚያሰኝ ሥርዓት አለ። ነጭ ፈረስ ይመረጥና አንድ ዓመት ሙሉ ይለቀቃል። ፈረሱ ወደ ፈለገበት ይሄዳል፤ ማንም አይመልሰውም፣ ማንም አይነካውም። የረገጠው መሬት ሁሉ የንጉሡ ይሆናል። «በዚህ አታልፍም» ብሎ መንገዱን የዘጋ ሰው ከፈረሱ ጠባቂ ጋር ይዋጋል። ጠባቂው ካሸነፈ መሬቱ የንጉሡ ነው፤ መንገድ የዘጋው ካሸነፈ ፈረሱን ይወስዳል። ዓመቱ ሲሞላ ፈረሱ ተመልሶ ይታረዳል፣ ንጉሡም ንጉሠ ነገሥት ይባላል። ፈረሱስ ምን ይባላል? ፈረሱ ምንም አይባልም፤ ሞቷላ።

ጠባቂ ሆኖ የተመረጠው ያው እንደምታስቡት ሩድራባሁ ነው። በመሠዊያው እሳት ፊት ቆሞ ማለ፦ «ዓመቱ ሲሞላ ፈረሱን በአራት እግሩ እመሠዊያው ደጃፍ አደርሰዋለሁ።» አለ፤ አለ ማለት አለ ነው።

የተመረጠው ፈረስ ሽቬታ ይባላል። በንጉሥ በረት ተወልዶ፣ በወተት የራሰ ገብስ እየበላ ያደገ፣ ከንጉሡ በቀር ሁሉንም «አንተ» የሚል ኩሩ ፈረስ ነው። በሚለቀቅበት ቀን አጠቡት፣ ቅቤ ቀቡት፣ አንገቱ ላይ የአበባ ጉንጉን አሰሩለት። ሽቬታ አንገቱን ሰበር ቀና እያደረገ በመሠዊያው አጠገብ ሲያልፍ፣ እዚያ የተተከለ አዲስ ግንድ አናገረው።

«ደህና ሂድ» አለው ግንዱ።

«አንተ ደግሞ ማን ነህ?»

«በዓመቱ የምትታሰርብኝ ግንድ ነኝ።»

«ከታሰርኩ በኋላስ ምን ይሰጠኛል? ገብስ ነው?»

«ቢላዋ» አለ ግንዱ። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ይቅርታ አድርግልኝ። እኔም ዛፍ ነበርኩ» አለው።

ሽቬታ በድንጋጤ ወደ ኋላ ዘለለ። ሕዝቡ «ፈረሱ በደስታ ጨፈረ!» ብሎ እልል አለ። በሩ ተከፈተና ወጣ። መሸሽ ይችል ነበር? ይችላል፤ ወደ ፈለገበት ይሄዳል። ችግሩ ሩድራባሁም ባዶ ራሱን፣ ቁሩን በብብቱ፣ ቆመጡን በትከሻው አድርጎ እሱ ወደ ፈለገበት ሁሉ ይከተለዋል። ወታደሮቹና አዝማሪውም ከኋላ ይከተላሉ፤ አዝማሪው ያችኑ ዘፈን ይዘፍናል።

ሽቬታ ዘፈኑን ሲሰማ ሲሰማ አንድ ሐሳብ መጣለት። «ይህን ሰው የሚያሸንፈው ባገኝ አሸናፊው ይወስደኛል፣ እኔም እድናለሁ። በምን ይሸነፋል? በዚሁ በሚዘፈንለት!» አለ። «ከጠብ ወደ ኋላ የማይል ሰው አንድ ቀን ከማይችለው ጋር ይገጥማል።»

ጫካ ገባና ወደ ውሃው በሚያወርደው ጠባብ መንገድ ላይ የቆመ አንድ ክፉ ዝሆን አገኘ።

«አያ ዝሆን፣ ልለፍ?»

«አታልፍም።»

«እንኳን! አደራህን አጥብቀህ ቁም!» አለ ሽቬታ፣ ወደ ጎንም ዞር አለ።

ሩድራባሁ ደረሰ። «የፈረሱን መንገድ ዘግተሃል?»

«ዘግቻለሁ።»

«እንግዲያው እንዋጋ።»

ዝሆኑ በግንባሩ ገፋ፤ ሩድራባሁ በደረቱ ገፋ። ዝሆኑ አልተነቃነቀም፤ ሩድራባሁም አልተነቃነቀም። ፀሐይ ወጣች፣ አናት ላይ ደረሰች፣ አዘቀዘቀች። አዝማሪው ድምፁ ተዘጋ። በመጨረሻ ዝሆኑን ራበው።

«ስማ እንጂ፣ ይህን ውሃ ንጉሥህ ምን ያደርግበታል?»

«አላውቅም።»

«መጥቶ ይጠጣዋል?»

«አይመስለኝም።»

«እኔስ ነገ እዚሁ መጥቼ ብጠጣ?»

«ማን ይከለክልሃል?»

«ታዲያ ጠዋት አትነግረኝም ነበር! የንጉሡ ነው፤ እለፉ» አለና ዝሆኑ ቅጠሉን ሊበላ ሄደ።

ሽቬታ ጥርሱን አፋጨ። «ግዴለም፤ ውሸት የማይወጣው አፍ አለ። እሱን ደግሞ እናያለን» አለ።

ዝናቡ መጣ፣ ዝናቡ ሄደ። ሽቬታ በንግሥት ማላቲ ከተማ ቅጥር ሥር ደርሶ ቆመ። ንግሥት ማላቲ ጦረኛ ሴት ናት፤ ቅጥሯ ላይ ቀስተኞቿን ደርድራ በሩን ዘግታለች። ሽቬታ ሁሉም እንዲሰማው ጮክ ብሎ ጠየቀ፦

«ሩድራባሁ! ወታደሮችህ እንዴት ናቸው?»

«ታመዋል» አለ ሩድራባሁ። «ያልበሰለ ማንጎ በልተው ሆዳቸው ተነሥቶባቸዋል። ከቁጥቋጦ ወደ ቁጥቋጦ ሲሮጡ ነው የሚውሉት።»

«ቀስቶቹስ?»

«ዝናብ አበስብሷቸዋል።»

«አንተስ?»

ቆመጡ ከትከሻው ላይ «ጌታዬ፣ ስለ አማልክት ብለህ ዝም በል!» አለው።

«እኔም ማንጎውን በልቻለሁ» አለ ሩድራባሁ፣ ሆዱን ይዞ።

ንግሥቲቱ ከቅጥሩ ላይ ሁሉንም ሰማች። ፊቷም ተለወጠ። ወደ አማካሪዎቿ ዞራ «አያችሁልኝ ተንኮሉን?» አለች። «በጠላት ደጃፍ ቆሞ ታምሜያለሁ የሚል ማን አለ? ቁጥቋጦው ሁሉ ወታደር ነው ማለት ነው! እንድንወጣላቸውና እንዲበሉን ነው!» አማካሪዎቿ ቁጥቋጦውን አዩት፤ ቁጥቋጦው እውነትም ይነቃነቃል። በሩ ተከፈተ። ከተማይቱ የንጉሥ ኩሙድ ሆነች። ለሩድራባሁም ጣፋጭ ምግብ በየትሪው ወጣለት፤ ሆዱን አሞት ስለነበር ሁሉንም አልበላም፤ ግማሹን ብቻ በላ።

አዝማሪው ዘፈኑ ላይ ሌላ ስንኝ ጨመረበት። ሽቬታ ግን በዚያ ቀን ሣር አልቀመሰም። በንዴት ወደ ሩድራባሁ ብብት እያየ «ጀግና ተብዬ! የእንሽላሊት ሞግዚት!» ብሎ ተሳደበ። ሦስተኛውን ስንኝ ለመሞከር እንኳ አላሰበም። የተማጸነን መጠበቅ ለእንሽላሊት እንጂ ለፈረስ ምን ይሠራለታል?

ማንጎው አበበ። ዓመቱ ሞላ። ያን ጊዜ አለመነካትም አበቃ፤ ሩድራባሁ ከከረጢቱ ገመድ አውጥቶ በሽቬታ አንገት ላይ አሰረና ወደ አገር ቤት መንገድ ጀመሩ።

አንድ ቀን በቀትር ከአንድ ትልቅ ዋርካ ሥር አረፉ። ሩድራባሁ ገመዱን እጁ ላይ ጠምጥሞ ማንኮራፋት ጀመረ። ሽቬታ አጠገቡ ቆሟል። እመት እንሽላሊት ከራስ ቁሩ አፍ ላይ ብቅ አለች።

«ምን ያስለቅስሃል?»

«አላለቀስኩም። ፈረስ አያለቅስም።»

«እሺ፣ አላለቀስክም። ታዲያ ይህ ውሃ ከየት መጣ? እንቁላሎቼን አራስክብኝ።»

ሽቬታ ነገራት። ግንዱን ነገራት፣ ቢላዋውን ነገራት። «መሞት አልፈልግም» አላት። ይህን ቃል ዓመት ሙሉ ለማንም ብሎት አያውቅም ነበር።

«ሦስተኛውን ሞክረሃል?» አለችው።

«ሦስተኛው የእንሽላሊት ነው።»

«የእንሽላሊት ነው ሲል አዝማሪውን አልሰማሁትም።»

«እኔ የንጉሥ በረት ልጅ ነኝ። እግር ላይ ልውደቅ?»

«እኔ ስወድቅ ቁራው ጭራዬን ይዞት ነበር» አለች እመት እንሽላሊት። «ስለ ክብሬ የማስብበት ጊዜ አልነበረኝም። አንተ ጊዜ አለህ፤ እስከ ከተማ ድረስ አስብበት» ብላ ተመልሳ ገባች።

ሽቬታ ገመዱን አየ። የሩድራባሁን እግር አየ። ያ እግር ዓመት ሙሉ ጫማ ሳያወልቅ ሄዷል፤ ከእንሽላሊቷ በቀር ወድዶ የተጠጋው ፍጥረት አልነበረም። ሽቬታ ትንፋሹን ያዘና አንገቱን ዝቅ፣ ዝቅ አድርጎ አፍንጫውን እግሩ ላይ አሳረፈ።

«ተማጽኛለሁ» አለ።

ሩድራባሁ ዓይኑን ገለጠ። «ከማን?»

«ከንጉሡ። ከቢላዋው።» ቀጥሎም «ካንተም» አለ።

ሩድራባሁ ተነሥቶ ተቀመጠና ማሰብ ጀመረ። ቆመጡ ደነገጠ። ጌታው ሲዋጋ አይቶታል፣ ሲበላ አይቶታል፤ ሲያስብ ግን አይቶት አያውቅም። ሩድራባሁ ግንባሩን አከከ፣ ሰማዩን አየ፣ እንደገና አከከ። በመጨረሻ ገመዱን ከሽቬታ አንገት ላይ ፈታው።

«እመሠዊያው ደጃፍ አደርሰዋለሁ ብያለሁ። ስለዚህ አደርስሃለሁ» አለው።

«ከዚያስ?»

«ከዚያ ሌላው ቃሌ ይጀምራል።»

«እንዴት አድርጎ?»

«እሱን ገና አላሰብኩትም» አለ ሩድራባሁ። እውነቱን ነው፤ አላሰበውም።

አሁን እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? ገመድ የለም፣ ሜዳው ሰፊ ነው፣ እግር አላችሁ። ሽቬታ ሜዳውን አየው። ከዚያ በሩድራባሁ ብብት ያለውን የራስ ቁር አየና እንቁላሎቹን አስታወሰ። በፀሐይ የተቃጠለውን አናትም አየ። ልቡ እየዘለለ ከሩድራባሁ ጎን ለጎን ወደ ከተማ ሄደ።

ንጉሥ ኩሙድ ወርቁን ደርቦ ቆሟል። ካህናቱ ቆመዋል፣ ቢላዋው ተስሏል፣ እሳቱ ይነዳል። ሕዝቡ በየዛፉ ላይ ተሰቅሏል። ሩድራባሁ ፈረሱን እመሠዊያው ደጃፍ አድርሶ፣ «ጃንሆይ፣ ፈረሱን በአራት እግሩ አድርሻለሁ» አለ።

«ጎሽ! በል ገለል በል» አለ ንጉሡ።

ሩድራባሁ ግን በፈረሱና በግንዱ መካከል ገብቶ ቆመ። «ፈረሱ ተማጽኖኛል። ገለል አልልም።»

ንጉሡ ቀላ፤ ወደ ሊቀ ካህናቱ ዞሮ «ሕጉ ምን ይላል?» አለ።

ሊቀ ካህናቱ ሽማግሌ ናቸው፤ ሕጉን በቃላቸው ያውቁታል፣ ምን እንደሚያስከትል ግን አስቀድመው የማሰብ ልማድ የላቸውም። «የፈረሱን መንገድ የዘጋ ሰው ከፈረሱ ጠባቂ ጋር ይዋጋል» አሉ።

«የፈረሱ ጠባቂ ማን ነው?» አለ ንጉሡ በቁጣ።

«እኔ ነኝ» አለ ሩድራባሁ።

«መንገዱን የዘጋውስ?»

«እሱም እኔ ነኝ።»

ከዛፍ ላይ አንድ ሰው ሳቀ። ንጉሡም ሳቁን ሲሰማ ጭራሽ አበደ፤ ሲያብድ ደግሞ ማንም ንጉሥ የማይለውን አለ፦ «እንግዲያው ተዋጋ!»

ሩድራባሁ ከጠብ ወደ ኋላ አይልም። የራስ ቁሩን ቀስ አድርጎ መሬት ላይ አስቀመጠና ቆመጡን አነሣ።

«ጌታዬ፣ አይሆንም!» አለ ቆመጡ። ያ ጉረኛ ብረት ይለምን ጀመር። «የስንቱን ራስ አፍርሻለሁ፤ የአንተን ግን አታስፈርሰኝ! እሺ፣ ቢያንስ የራስ ቁሩን አድርግ!»

«እንቁላሎቹስ?» አለ ሩድራባሁ።

ሽቬታ ዓይኑን ጨፈነ። ለእሱ ሲል ይህን የሚያደርግ በዓለም ላይ ይኖራል ብሎ አስቦ አያውቅም ነበር፤ አፈረ፣ ፈራ፣ ወደደው።

ድው!

ሩድራባሁ እንደ ዛፍ ወደቀ። መሬቱ ተናወጠ፣ የካህናቱ መብራት ጠፋ፣ የንጉሡ ዘውድ ወደ ጆሮው ተንሸራተተ። ሩድራባሁ ብዙ ቆይቶ አንድ ዓይኑን ገለጠ። አናቱ ላይ ማንጎ የሚያክል እብጠት ወጥቷል።

«ማን አሸነፈ?» አለ ንጉሡ። ዳኛ አልተፈለገም፤ ከዚያ አፍ ውሸት እንደማይወጣ ሁሉም ያውቃል።

«ጠባቂው ተሸንፏል» አለ ሩድራባሁ ከወደቀበት። «ሲመታ እጁ ላልቷል፤ በሙሉ ልቡ አልመታም። መንገድ የዘጋው ግን በሙሉ ልቡ ነው የተቀበለው።»

«ግን ወድቀሃል!»

«ወድቄያለሁ። የወደቅሁት የት እንደሆነ ይዩ እንጂ፣ ጃንሆይ።»

ሁሉም አዩ። ሩድራባሁ የወደቀው ከግንዱ ሥር እስከ ሽቬታ ኮቴ ድረስ በቁመቱ ተዘርግቶ ነው። መንገዱ ከቅድሙ ይበልጥ ተዘግቷል።

«ውሸት ነው!» ብሎ ጮኸ ንጉሡ።

ያን ጊዜ ሊቀ ካህናቱ በዕድሜያቸው ለመጀመሪያ ጊዜ አስቀድመው አሰቡ። ወደ ንጉሡ ጆሮ ጠጋ ብለው «ጃንሆይ፣ ይህ ሰው ይዋሻል ካሉ፣ ዓመት ሙሉ አሸነፍኩ ያለውን ማን ያምነዋል? ያገኙት አገር ሁሉ በዚሁ አፍ ነው የተገኘው» አሉት። ንጉሡ ዘውዱን ከጆሮው ላይ አቃና።

«ፈረስህን ይዘህ ከአገሬ ውጣ» አለ።

አዝማሪው ማሲንቆውን ዘቅዝቆ አለቀሰ። ያልተሸነፈው ሩድራባሁ እያለ ሊዘፍን ያሰበው ሁሉ ተበላሸበት፤ ተሸነፍኩ ያለው ራሱ ባለቤቱ ነውና ማን ይከራከራል? ሩድራባሁ ግን ተነሥቶ አቧራውን አራገፈ፣ የራስ ቁሩን ታቀፈ፣ ሊሄድ ሲል ከኋላው አንድ ቀጭን ድምፅ ጠራው።

«እኔስ?» አለ ግንዱ። «ሌላ ፈረስ ያስሩብኛል። እኔም ተማጽኛለሁ።»

ሩድራባሁ ተመልሶ ግንዱን ከመሬት ነቅሎ ትከሻው ላይ አደረገው።

ቆመጡ «ጦረኛ ነን ወይስ ዕቃ ጫኝ?» ብሎ አጉረመረመ፤ ግን ቀስ ብሎ ነው ያጉረመረመው። ሽቬታም ከጎናቸው ሲሄድ ቆየና ተናገረ።

«ጌታዬ፣ ጀርባዬ ላይ ይውጡ» አለ። ያ ለሰው ሁሉ «አንተ» ሲል የኖረ አፍ!

«የተማጸነኝ ላይ አልወጣም።»

«እንግዲያው ግንዱን ይስጡኝ።»

ሩድራባሁ ይህን አሰበበትና ሰጠው። እንዲህ ሆነና ሽቬታ ሊታረድበት የነበረውን ግንድ ተሸክሞ ከከተማው ወጣ። መንገድ ላይ እንቁላሎቹ በስንት ጊዜያቸው ተፈለፈሉ፤ የራስ ቁሩም ነጻ ወጣ። ግን ምን ያደርጋል፣ በዚያ እብጠት ላይ አልገባ አለ። ልጆቹም እዚያው አደጉበት። ግንዱን ደግሞ ከአንድ ወንዝ ዳር አስቀመጡት፤ ግርጌው ውሃ ሲያገኝ ቅጠል አወጣ ይላሉ። እኔ አላየሁትም፤ እኔ እንደ ሩድራባሁ አይደለሁም፣ አንዳንዴ እጨምራለሁ።

በሉ ተረቴ እዚህ ላይ አለቀ። ለእናንተ ጆሮ የሚሆነውን ሰጥቻለሁ፤ ለእኔ ጉሮሮ የሚሆን ነገር አቅርቡ። ደግሞ ነገ ከነገ ወዲያ ጀግና ነኝ የሚል ሲመጣባችሁ ቆመጡን አይታችሁ አትደንግጡ፤ የራስ ቁሩ ውስጥ ማን እንዳደረ ጎንበስ ብላችሁ እዩ።